የሐሙስ ትምህርት

ሰው ዕቃ ሲያቀብለኝ በእጄ አልቀበልም። «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡልኝ» እላለሁ። በሠራሁባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በዚህ ነገር ተቀልዶብኛል። ኩራተኛ ናት ያሉኝ አሉ፤ በሽታ ትፈራለች ያሉኝም አሉ። አንድ አለቃዬ ለበዓል ጓንት ገዝቶ ሊሰጠኝ ሲል፣ እሱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥልኝ አልኩትና ቢሮው በሳቅ ተናጋ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ምክንያቱን የምደብቀው ሰውም አልቀረልኝም። ስለዚህ ለእናንተ ላጫውታችሁ። ባታምኑኝ አልቀየማችሁም። እንዲያውም ሰው ባያምነን ኖሮ እንተርፍ ስለነበረበት ቀን ነው የምነግራችሁ።

ፒያሳ ውስጥ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር። አሁን ፈርሷል። ደረጃው ሥር «አስካለ የታይፕ ማሠልጠኛ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ታይፕ በእርግጥም እንማር ነበር፤ ዕድሜዬን ሁሉ የበላሁት እንጀራ ከዚያ ትምህርት የመጣ ነው። ሰሌዳው የማይናገረው ግን፣ እዚያ ለመግባት ታይፕ መውደድ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ሌላ ሰው የሌለው አንዳች ነገር ሊኖርህ ይገባል። ስትስቅ እግሮቿ ከመሬት የሚነሱ ልጅ ነበረች፤ ክፍል ውስጥ ቀልድ የተከለከለው በሷ የተነሳ ነው። ግድግዳ አሳልፎ የሚያይ ልጅ ነበር፤ እኛ ሴቶቹ ከሱ ጋር አንማርም ብለን አስቸግረን ነበር።

የኔ ደግሞ ጆሮዬ ላይ ነው። የሰው ዕቃ በእጄ ስይዝ፣ ባለቤቱ የትም ይሁን የት፣ በዚያች ደቂቃ እሱ የሚሰማውን እኔም እሰማለሁ። የጠፋ ባል ባርኔጣ ቢያመጡልኝ፣ የየትኛው ጠጅ ቤት አዝማሪ እየዘፈነ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ክፋቱ አፌ ነው። የሰማሁትን አፌ ቀድሞኝ ይዘረግፈዋል። ማን ፊት እንዳለሁ አያይም፤ ቆይ ብዬ ላዝዘውም አልችልም። ወደዚያ ቤት የገባሁትም ለዚህ ነው፤ መስማት ሳይሆን ዝም ማለት ልማር።

እትዬ አስካለ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት በንጉሡ ዘመን ነው። እሳቸው ራሳቸው ምን እንደነበራቸው ነግረውን አያውቁም። በልጅነታቸው ቤተሰቦቻቸው ሰይጣን አለባት ብለው ጠበል ቦታ በሰንሰለት አስረው እንዳከረሟቸው ብቻ እናውቃለን፤ ጠባሳው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ነበር። ሌላ ልጅ እንደዚያ እንዳይታሰር ሲሉ ነው ቤቱን የከፈቱት። የታይፕ መኪና ኳኳታ ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ወላጅም ልጄ የት ዋለ ለሚል ጎረቤት የሚመልሰው አያጣም።

ዋናው ትምህርታችን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ስሙ «ምክንያት» ይባላል። እትዬ አስካለ የሚያምኑት ነገር ቢኖር፣ ሰው ተአምር ሲያይ የሚፈልገው ተአምሩን ሳይሆን ተራ ምክንያት መሆኑን ነው። ተራ ምክንያት ቶሎ ከሰጠኸው እፎይ ብሎ መንገዱን ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ጥንድ ነበረን። የአንዱ ነገር ባደባባይ ሲያመልጠው፣ ጥንዱ ዓይኑን ሳያሽ ምክንያት ይሰጥለታል። ሐሙስ እስክንሰለች የምንለማመደው ይህን ነው። ለራስ ምክንያት መስጠት ክልክል ነበር፤ ሰው ለራሱ ሲዋሽ ይታወቅበታል ይሉ ነበር እትዬ አስካለ።

የኔ ጥንድ ከድር ነበር። አባቱ አባባ ሰይድ ወርቅ አንጣሪ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ፒያሳ ሱቅ የከፈቱ። ከድርን እሳት አያቃጥለውም። ሕፃን ሳለ ከአባቱ ከሰል ላይ የጋለ ወርቅ በመዳፉ አንስቶ ሲጫወት አግኝተውት ነው ወደ እትዬ አስካለ ያመጡት። በምክንያት ትምህርት ግን የሚወዳደረው አልነበረም። አንዴ የባሏን ባርኔጣ ያመጣችልኝ ሴት ባሏን ከጠጅ ቤት አውጥታ «ልጅቷ ምን ብላ አወቀች?» ስትል፣ ከድር እጁን ኪሱ እንደከተተ «እትዬ፣ የእርስዎ ባል የት እንደሚጠጣ የማያውቅ ፋራ ፒያሳ ውስጥ አለ እንዴ?» አላት። ሴትየዋ አፍራ ሄደች። እኔ የምይዘው የሱን ጉድ፣ እሱ የሚይዘው የኔን። ከዚያ በላይ ምን እንደነበርን አልተባባልንም። የምንባባልበት ጊዜ ያለ መስሎን ነበር።

ደርግ መጣ። በትርፍ ቤት አዋጅ ቤቱ ተወረሰና ምድር ቤቱ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ። እትዬ አስካለ ፎቁን ለቀበሌው ኪራይ እየከፈሉ ቀጠሉ። እኛ ከወለሉ በላይ፣ ቀበሌ ከወለሉ በታች። ቀይ ሽብር ሲጀመር፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ስንመጣ የምናልፈው የታሰሩ ሰዎች ጫማ በተደረደረበት በር ነው። እኔ በዚያ በር ሳልፍ ሁለቱንም እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ እደብቅ ነበር።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ጠዋት ላይ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ተስፋዬ ሪፖርት ሊያስተይብ ወደኛ ወጣ። ይህ ሰው አንድ የታወቀ ነገር ነበረው፤ ንጹሕ ጽሑፍ ይወዳል። አንዲት ፊደል ተሰርዛ ካየ ገጹን ቀዶ እንደገና ያስጽፋል። ወረቀቱን ለእትዬ አስካለ ሰጥቶ ሲጋራ ሊያጨስ በረንዳው ላይ ወጣ። ከድር ጃኬቱን ወንበር ላይ አንጠልጥሎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ የተበላሸ የታይፕ መኪና ዘይት ይቀባል።

በሩ ተበረገደና እማማ በላይነሽ ገቡ። የሰፈራችን ሴት ናቸው። ልጃቸው ሚኪያስ በአሰሳው ጊዜ ከቤት ከጠፋ ሰነባብቷል፤ ሞቷል የሚል አለ፣ ታስሯል የሚል አለ። ጓድ ተስፋዬ በረንዳው ላይ መሆኑን አላዩም። ቀጥ ብለው ወደኔ መጡ፤ ከነጠላቸው ሥር ሹራብ አወጡ።

«ሰናይት ልጄ፣ የሰው ባል ታገኚ የለ? የኔን አንድ ልጅ ፈልጊልኝ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ...» ብዬ ዓይኔን ወደ በረንዳው ሳዞር ሹራቡን እጄ ላይ ጣሉት።

ወፍጮ። ጆሮዬ በወፍጮ ድምፅ ሞላ። ከዚያ በላዩ ላይ ደወል፣ በጣም ቅርብ። የጊዮርጊስ ደወል ነው፤ ፒያሳ ያደገ ሰው አይስተውም። አፌን በሁለት እጄ ብይዘውም አልሆነም። አጎንብሼ ጆሯቸው ላይ «በሕይወት አለ፤ ከጊዮርጊስ በታች፣ ወፍጮ ቤት ነው» አልኳቸው።

እናት ናቸውና አልፈርድባቸውም። «ወፍጮ ቤት! ልጄ አለ! ወፍጮ ቤት ነው!» ብለው ጮኹ።

ጓድ ተስፋዬ ሲጋራውን ጥሎ ገባ። የታይፕ መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«ማን ነው ወፍጮ ቤት ያለው?» አለ። ሹራቡን አየ፣ እማማ በላይነሽን አየ፤ ገባው። ወደኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ የነገርሻቸው? በምን አወቅሽ?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። «ሹራቡን ስነካ» ልል ነበር። ይህን ብዬ ቢሆን ኖሮ ምን ይል እንደነበር በኋላ ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ፤ ስቆ ያልፈኝ ነበር። አብዮተኛ ነው፤ በዛርና በጠንቋይ ማመን አይፈቀድለትም።

ግን ጥንድ ነበረኝ። ከድር ቀና ብሎ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ልክ እንደ ሐሙስ ልምምዳችን ሳይቸኩል «እኔ ነኝ የነገርኳት» አለ። «ትናንት ሳልፍ ሚኪያስን ወፍጮ ቤት በር ላይ አይቼው ነው።»

በጣም ጥሩ ምክንያት ነበር። ቀላል፣ ተራ፣ ማንም የሚያምነው። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለምን እንደጨፈኑ የገባኝ ጓድ ተስፋዬ ሲናገር ነው።

«አይተኸዋል? የሚፈለግ ሰው አይተህ ነው ዝም ያልከው?»

እኛ የተለማመድነው ለጎረቤት ነው፣ ለወሬኛ፣ ለቄስ፣ ለፖሊስ ቢበዛ። የተገረመ ሰው ሲጠይቀን እንዴት እንደምንመልስ እናውቃለን። ሰው የሚያሳድድ ሲጠይቀን ተራው ምክንያት ከተአምሩ እንደሚብስ ማንም አላስተማረንም። ከድር ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። እሱም ገባው፤ ግን የወጣ ቃል አይመለስም።

«የትኛው ወፍጮ ቤት?»

ከድር አላመነታም። «ሠራተኛ ሰፈር ያለው» አለ።

ሠራተኛ ሰፈር ከጊዮርጊስ በታች እንዳልሆነ እማማ በላይነሽ ያውቃሉ። አለቀሱ፣ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና ቀስ ብለው ወጡ። ጓድ ተስፋዬ አላስተዋላቸውም፤ በመስኮት ለጥበቃዎቹ ሠራተኛ ሰፈር ሂዱ ብሎ እየጮኸ ነበር። ከዚያ የከድርን ክንድ ይዞ ወደ ታች አወረደው። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ከቀትር በኋላ ጥበቃዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ግድግዳ አሳልፎ የሚያየው ልጅ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ወደ ታች ያያል፤ ምን እንዳየ ግን ሊነግረን አልፈለገም። «እሳት አይነካውም እኮ» አለች የምትስቀዋ ልጅ፣ ለመጽናናት ብላ። እሳት አይነካውም፤ ሌላው ሁሉ ይነካዋል።

ተነሣሁ። እትዬ አስካለ ቀሚሴን ያዙኝ።

«የት ነው?»

«እውነቱን ልነግረው።»

«ለራስሽ ምክንያት...»

«ምክንያት አይደለም እትዬ። እውነቱን ነው» አልኩና አስለቅቄ ወረድኩ።

ጓድ ተስፋዬ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ጆሮዬን፣ ሹራቡን፣ ከድር ምንም እንዳላየ። ሰምቶ ሲጨርስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይህን ጠዋት ብትነግሪኝ ኖሮ እዚያው ስቄ እወጣ ነበር። አሁንስ ልጁን ለማስፈታት ነው። እስቲ» አለና ባርኔጣውን ሰጠኝ። ያዝኩት። የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነው፤ ባለቤቱ ፊቴ ተቀምጧላ። «ሌላ ስጡኝ» አልኩት፤ «እዚህ የሌለ ሰው ዕቃ።»

መሳቢያውን ስቦ የእጅ ሰዓት ጣለልኝ።

ያን ጊዜ የነካሁትን ልግለጽላችሁ ብል አልችልም። ዝምታ አይደለም፤ ዝምታም ይሰማል። የተኛ ሰው ዕቃ ይዤ አውቃለሁ፣ የደንቆሮም ይዤ አውቃለሁ። ይህ ሌላ ነው። ሰዓቱ እጄ ውስጥ ቅጭ ቅጭ ይላል፣ የሚሰማው ግን የለም።

«የለም» አልኩ። «ሰውየው የለም።»

ጓድ ተስፋዬ መሳቁን ተወ። ሰዓቱን ከእጄ ነጠቀኝና ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ እህቱን እንደሚያነጋግር «ሰናይት» አለኝ፤ «ሳጥን ሙሉ ዕቃ አለኝ። ሸሽተው የተደበቁ ሰዎች ዕቃ። ነገ ጠዋት ትመጪና አንድ በአንድ ትነኪልኛለሽ። ያን ጊዜ ጓደኛሽን እለቀዋለሁ።»

ልዋሻችሁ አልፈልግም። እሺ ልለው ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ከድርን አውቀዋለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

የጎን ክፍሉ በስስ ጣውላ ብቻ የተከለለ ነው። ከጣውላው ማዶ ሳል ሰማሁ፤ ከዚያ የከድር ድምፅ፣ የደከመ ቢሆንም ያው የፒያሳ ቀልዱ ያልለቀቀው።

«ጓድ ተስፋዬ፣ እቺን ልጅ ነው ያመኗት?»

«ዝም በል አንተ!»

«እኔ ዝም እላለሁ። ግን ሕያው ሰው ሰዓቱን እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ትቶ የት ይሄዳል? እኔም ሳላየው ሞቷል እል ነበር። ዛር አለባት እኮ፤ እናቷ ጠበል ሲያመላልሷት ነው ያደገችው፣ ሰፈሩን ይጠይቁ። ለበላይ አካል ምን ብለው ሊጽፉ ነው? በዛር ያዝኳቸው ብለው? ማንስ አስተካክሎ ይተይብልዎታል?»

ጓድ ተስፋዬ ጥበቃዎቹን አየ። አንደኛው ፈገግታውን ዋጠ። የኃላፊው ጆሮ ሲቀላ አየሁ፤ ከዚያ ትከሻው ሲወርድ አየሁ። እትዬ አስካለ እንደሚሉት፣ እፎይ አለ። ተራው ምክንያት ገባለት። ለሱም ቢሆን የሰዓቱ ባለቤት የት እንደሆነ የምታውቅ ልጅ ፊቱ ከምትቀመጥ፣ ዛር ያለባት ልጅ ብትሆን ይሻለው ነበር።

«ውጪ ከዚህ!» አለኝ።

«እውነቴን ነው!» ብዬ ልጮህ ስል ከኋላዬ አንድ መዳፍ አፌ ላይ አረፈ። እትዬ አስካለ ናቸው። ተከትለውኝ ወርደው ደጃፉ ላይ ቆመው ኖሯል። እየጎተቱ ደረጃውን አወጡኝ።

ሊመሽ ሲል ጭነት መኪና መጣ። ከበረንዳው ሆነን አየነው፤ ከሌሎች ጋር ተጭኖ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። ከዚያ እጁን እንደ ልማዱ ኪሱ ከተተ። መኪናው ወደ ቸርችል ቁልቁል ወረደ።

እትዬ አስካለ ልጆቹን ሰብስበው «ከነገ ጀምሮ እዚህ የምናስተምረው ታይፕ ብቻ ነው» አሉ። አንዳንዶቹን ወደ ክፍለ ሀገር፣ ዘመድ ጋ ላኳቸው። የምትስቀዋ ልጅ ከዚያ ወዲያ ስትስቅ አላየኋትም፤ እግሯም ከመሬት አልተነሳም። የትምህርት ቤታችን ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። ሰሌዳው ግን ለብዙ ዓመታት እውነቱን እየተናገረ ተሰቅሎ ቆየ።

ሚኪያስ ተረፈ። እናቱ ቀድመው ደርሰው ከወፍጮ ቤቱ አስወጡት። እማማ በላይነሽ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ሙስሊም መሆኑን እያወቁ፣ ጊዮርጊስ ሄደው ለከድር ሻማ ያበሩ ነበር።

ጃኬቱን እኔ ወሰድኩት። በየጠዋቱ እይዘው ነበር። ብረት በር ሰማሁ፣ የብዙ ሰው ሳል ሰማሁ። አንድ ቀን ከድር ለሰዎች ሲቀልድ ሰማሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ይዤው፣ ያ የጓድ ተስፋዬ መሳቢያ የእጅ ሰዓት እጄ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ጃኬቱ መሬት ወደቀ።

አባባ ሰይድ በየእስር ቤቱ እየዞሩ ነበር፤ ተዛውሯል ከማለት በቀር የሚነግራቸው የለም። ጃኬቱን ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። ከባንኮኒው ኋላ ሆነው «ልጄ፣ የሰማሽው አለ?» ሲሉኝ፣ ያ የሐሙስ ትምህርት ከአፌ ወጣ። «ከመኪና ላይ ዘሎ አምልጧል፣ ወደ ሱዳን ተሻግሯል ይላሉ አባባ» አልኳቸው። ጃኬቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። እኔን ያጽናኑኛል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ሱቅ በር ማለፍ አቃተኝ። ፒያሳ ተወልጄ፣ ፒያሳ ውስጥ መንገድ አሳብሬ የምሄድ ሰው ሆንኩ። አባትየው ልጃቸውን ከሱዳን ሲጠብቁ ይታየኛል። ሌላም ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ኖሯል፤ ከድር ያን ጠዋት «እኔ ነኝ የነገርኳት» ያለው ልማድ ሆኖበት ነው ወይስ አውቆ? የመጀመሪያው ልማድ ይመስለኛል። ሁለተኛው፣ ከጣውላው ማዶ ያለው፣ አውቆ ነው። ይህን ሳስብ እኮራለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ያንገበግበኛል። የተአምር ቤት ውስጥ አድገን ከመካከላችን አንዱን እንኳ በተአምር ማዳን አልቻልንም። እናንተ የምታነቡኝ፣ ልጃችሁ ከሰው የተለየ ነገር ቢኖረው መደበቅን ብቻ አታስተምሩት። እኛ ሌላ ትምህርት አልነበረንም።

ደርግ ወድቆ የተቀበሩት ሰዎች አፅም መውጣት ሲጀምር፣ ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ልንገራቸው ብዬ ወደ አባባ ሰይድ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሞ ሱቁን ለዘመድ ትተዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ «አባባ፣ ያን ጊዜ የነገርኩዎት ነገር...» ስል እጃቸውን አነሡ።

«ተይው ልጄ። ያኔውኑ አውቄያለሁ።»

«ማን ነገርዎት?»

«አንቺ ነሻ። ሱዳን ነው ያለው አልሽኝ፤ ጃኬቱን ግን በነጠላሽ ጠቅልለሽ፣ እጅሽን ሳታስነኪ ነው ባንኮኒው ላይ ያኖርሽው። ያንቺን ነገር ከድር ነግሮኝ ነበር። ልጄ በሕይወት ቢኖር፣ አንቺ ያን ጃኬት ከእጅሽ ትለቂው ነበር?»

አለቀስኩ። አባባ ሰይድ መዳፌን ፈልገው ያዙኝ። እጄን የሚይዝ ሰው ካገኘሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

«ሱዳን አልሽኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ ፈገግ እያሉ። «ከድር ቢሆን የተሻለ ምክንያት ያገኝ ነበር።»